ከእንግሊዝኛ ጋር ያጣላችኝ «በ»

በዚህ እትም የእንግሊዝኛ አምድ ተረኛዋ እኔ ነኝ፣ ከ8ኛ ክፍል። ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ስለ ባዶ ቦታ መሙላት ነው። እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል የጻፍኩት የታች ክፍል ልጆችም አብረውን እንዲሠሩ ብዬ ነው።

ባለፈው ወር በክፍል ፈተና ባዶ ቦታ ሙሉ ተብለን ከ10 ጥያቄ 3 አገኘሁ። በጣም ነው ያፈርኩት። ወረቀቱን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ደበቅኩት። ቃላቱን እኮ አውቃቸዋለሁ! የዓረፍተ ነገሮቹም ትርጉም ገብቶኛል። ማታ እህቴ ወረቀቱን አገኘችው። አልተቆጣችኝም፣ «ስንት ቦታ ኢን ጻፍሽ?» ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። ቆጠርኩ፣ 8 ቦታ! ለካ ዓረፍተ ነገሩን በልቤ ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ «በ» በመጣች ቁጥር ኢን ስሞላ ነበር።

እስቲ አማርኛችንን እዩት። በጠዋት፣ በ2 ሰዓት፣ በአውቶቡስ፣ በቢላ፣ በእግር እንላለን። አንዷ «በ» ሁሉንም ትሠራለች፣ አይደክማትም። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። ጠዋት ከሆነ ኢን ዘ ሞርኒንግ ነው። ሰዓት ከሆነ አት ኤይት ኦክሎክ። የሳምንቱ ቀን ከሆነ ኦን መንደይ። በአውቶቡስ ስንሄድ ባይ ባስ፣ በቢላ ስንቆርጥ ዊዝ ኤ ናይፍ። በእግር ስንሄድ ግን ባይ አይደለም፣ ኦን ፉት ነው። ሌሊትም ያስቸግራል፤ ጠዋት ኢን ሆኖ ሳለ ሌሊት አት ናይት ይባላል። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እህቴንም ስጠይቃት «እንዲሁ ነው፣ ያዢው» ነው ያለችኝ።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ «ስኩል ስታርትስ ____ ኤይት ኦክሎክ» የሚለው ጥያቄ ላይ አንድ የክፍላችን ልጅ «8 ሰዓትማ ምሳ በልተን ነው!» ብሎ ተከራከረ። ሁላችንም ሳቅን። የእንግሊዝኛው 8 የኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ባዶ ቦታው ግን አይለወጥም፤ ሰዓት እስከሆነ ድረስ መልሱ አት ነው።

እህቴ የነገረችኝ፣ ከባዶው ቦታ በኋላ ያለውን ቃል አስቀድሜ እንዳይ ነው። ቀን ነው? ሰዓት ነው? መኪና ነው? ግስ ሲጎድልም እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። «ሺ ____ ቱ ስኩል ኤቭሪ ዴይ» ካለ ጎዝ ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ የስተርዴይ ካለ ደግሞ ዌንት። መጨረሻውን ሳያዩ የሞሉ ልጆች ሁለቱንም ጎ ብለው ነው የሚያልፉት።

አሁን ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የማደርገው። ከእንግሊዝኛ መጽሐፋችን 5 ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ፤ እነ ኢን፣ ኦንና አት ያሉበትን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ። በዚያው ቀን አልሞላውም፤ ትዝ ስለሚለኝ ራሴን ማታለል ይሆናል። በማግሥቱ መጽሐፉን ሳልከፍት እሞላና ከዚያ ከመጽሐፉ ጋር አስተያያለሁ። የተሳሳትኩትን ለብቻው አልጽፈውም፣ ከጎረቤቱ ጋር ነው፤ አት ብዬ ሳይሆን አት ናይት ብዬ። 3 ሳምንት ሆነኝ። ባለፈው ዓርብ በተሰጠን መልመጃ ከ10 ጥያቄ 7 አገኘሁ። ከሳትኳቸው 3 ውስጥ 2ቱ ባይ እና ዊዝ ተምታተውብኝ ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና እስኪደርስ እነሱንም ሳልይዝ አልቀርም።

በሉ አሁን ተራው የእናንተ ነው። እርሳስ ያዙ፣ መልሱን በእጃችሁ ሸፍኑ!

1. ዊ ሃቭ ኢንግሊሽ ____ ፍራይደይ።
2. ማይ ፋዘር ጎዝ ቱ ወርክ ____ ባስ።
3. ዘ ስታርስ ሻይን ____ ናይት።
4. ሺ ከትስ ዘ ብሬድ ____ ኤ ናይፍ።
5. ኢት ሬይንስ ኤ ሎት ____ ኦገስት።

መልስ፦ 1 ኦን፣ 2 ባይ፣ 3 አት፣ 4 ዊዝ። የ5ኛውን አልነግራችሁም። ኦገስት የወር ስም ነው፣ ከላይ ደግሞ ስለ ወር አልጻፍኩም፤ መጽሐፋችሁ ውስጥ ፈልጉት። መልሱን በቁራጭ ወረቀት ከስማችሁና ከክፍላችሁ ጋር ጽፋችሁ እስከ ረቡዕ የክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ቀድመው ያገኙ 3 ልጆች ስማቸው ሐሙስ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ይነበባል።