የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ሳይታዩ የታወቁ ዓለማት

 

ዛሬ ማታ ደመና ከሌለ ከዒሻ ሶላት በኋላ ቀና ብላችሁ ሰማዩን ተመልከቱ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ኮከብ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ብቻቸውን አይደሉም። አንድ መስለው የሚታዩት አንዳንዶቹ ሁለት፣ አንዳንዶቹ ሦስት፣ ሌሎቹም ከዚያ በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ምድራችን ፀሐይን እንደምትዞር የሚዞሯቸው ፕላኔቶች አሏቸው። እስከ 2025 ድረስ ብቻ ከፀሐያችን ቤተሰብ ውጭ ከ6,000 በላይ ፕላኔቶች ተረጋግጠዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ ዓለማት በቴሌስኮፕ በቀጥታ የታዩት ግን ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ታዲያ የቀሩት እንዴት ታወቁ? የታወቀው ነገርስ እውነት መሆኑ በምን ተረጋገጠ?

ትምህርታችን በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከሰማይ ወርዶ እጃችን ላይ ያለውን ስልክ ስለሚነካ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

✦ 1. ሺዕራ ብቻዋን አይደለችም

ሺዕራ በሱረቱ-ን-ነጅም 49ኛ አንቀጽ ላይ በስሟ የተጠቀሰችው ኮከብ ናት። ከኢስላም በፊት ከዐረቦች መካከል የሚያመልኳት ሰዎች እንደነበሩ የተፍሲር ሊቃውንት ይናገራሉ፤ አንቀጹም እሷ ራሷ ጌታ ያላት ፍጡር መሆኗን ያስታውሳል። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ሲሪየስ ይሏታል። ከሌሊት ከዋክብት ሁሉ ደማቋ ናት፤ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8.6 ዓመት ይፈጅበታል።

በ1844 ፍሬድሪክ ቤሰል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ለብዙ ዓመታት የተመዘገበውን የሺዕራን ቦታ አጥንቶ አንድ ነገር አስተዋለ። ኮከቧ በሰማይ ላይ ቀስ እያለች ስትጓዝ መንገዷ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ቤሰልም የማትታይ ጓደኛ እንዳለቻትና የምትጎትታት እሷ መሆኗን ተናገረ። ያችን ጓደኛ ሳያይ በ1846 ሞተ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1862፣ አሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ አዲስ የተሠራ ትልቅ የቴሌስኮፕ ሌንስ ሲሞክር ከሺዕራ አጠገብ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አየ። ቤሰል የተናገረላት ጓደኛ ነበረች።

ይህች ጓደኛ ክብደቷ ፀሐይን ያህላል፣ መጠኗ ግን ምድርን ያህላል። ሁለቱ ከዋክብት አንድ ዙር የሚዞሩት በ50 ዓመት ገደማ ነው። ሱብሓነላህ! ሰዎች በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት አንድ እያሉ ያዩዋት ኮከብ ሁለት ሆና ተገኘች።

መጀመሪያ የምንይዘው ነጥብ ይህ ነው፦ ያልታየ ነገር በሚታየው ነገር ላይ በሚተወው ምልክት ይታወቃል።

✦ 2. የምትጨልመው ኮከብ

አልጎል የሚባለው ስም ከዐረብኛው «ረእሱል ጉል» ማለትም «የጉል ራስ» ከሚለው የመጣ ነው። ዛሬ ዓለም የሚጠራባቸው ብዙ የከዋክብት ስሞች ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው። በ964 ገደማ ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ የከዋክብትን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ቦታቸውንና ድምቀታቸውን አንድ በአንድ መርምሮ ጽፏል፤ በአንድሮሜዳ በኩል ያለችውን ትንሽ ደመና የመሰለች ብርሃንም መዝግቧል። ያች «ደመና» ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗ የታወቀው ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ወደ አልጎል እንመለስ። ይህች ኮከብ በየሁለት ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ትደበዝዝና ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወደ ድምቀቷ ትመለሳለች። በ1783 እንግሊዝ አገር ዮርክ ውስጥ የሚኖር ጆን ጉድሪክ የተባለ ወጣት ይህን በዓይኑ እየተከታተለ ጊዜውን ለካ። ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ዕድሜውም ገና 20 አልሞላም። ምናልባት አንድ ጨለማ አካል በፊቷ እያለፈ ይሆናል ሲልም ሐሳብ አቀረበ። በ21 ዓመቱ ሞተ። ከመቶ ዓመት በኋላ የኮከቧ ብርሃን ሲተነተን ልክ እንደነበር ታወቀ፤ አልጎል እርስ በርስ የሚጋረዱ ከዋክብት ናት።

ዛሬ ፕላኔቶች በብዛት የሚገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ትንሽ ብርሃን ይቀንሳል። ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ፀሐይን በሚያህል ኮከብ ፊት ቢያልፍ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ምድርን የሚያህል ከሆነ ግን ቅነሳው ከአሥር ሺህ አንድ እጅ አይሞላም። በሩቅ ባለ የመኪና መብራት ፊት የእሳት እራት ስትበር የብርሃኑን መቀነስ ለመለካት እንደመሞከር ነው። በ2009 የተመጠቀው ኬፕለር የተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ከ150,000 በላይ ከዋክብትን በአንድ ጊዜ እየጠበቀ በዚህ መንገድ ከ2,600 በላይ ፕላኔቶች እንዲታወቁ አድርጓል።

✦ 3. የኮከብ መወዛወዝ

አንድ አባት የልጁን ሁለት እጆች ይዞ ሲያሽከረክረው ልጁ ትልቅ ክብ ይሠራል፤ አባትየውም ግን ባለበት ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ትንሽ ይወዛወዛል። ልጁ ባይታያችሁ እንኳ ከአባትየው አቋም አንድ ነገር እንደያዘ ታውቃላችሁ። ኮከብና ፕላኔትም እንዲሁ ናቸው።

መወዛወዙ የሚለካው በብርሃኑ ነው። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። ብርሃንም ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ስዊዘርላንዳውያኑ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ ፈረንሳይ ውስጥ ባለ ቴሌስኮፕ 51 ፔጋሲ የተባለችውን ኮከብ ሲከታተሉ በየ4.2 ቀኑ ወዲያና ወዲህ እንደምትል አገኙ። ውጤቱ ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ ጁፒተርን በግማሽ የሚያህል ፕላኔት ከኮከቡ አጠገብ ተጠግቶ በአራት ቀን አንድ ዙር ይጨርሳል! የእኛ ጁፒተር 12 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

እነሱ ግን ለማወጅ አልቸኮሉም። ኮከቧ በቴሌስኮፑ እንደገና የምትታይበት ወቅት እስኪመጣ ጠበቁ። በጁላይ 1995 ደግመው ለኩ፣ ያው ሆነ። በኦክቶበር አሳወቁ፤ በ2019 ለዚሁ ሥራ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

✦ 4. ጥፋቱ የጎረቤት ሲሆን

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የትምህርቱ እምብርት ይህ ነውና።

አንድ ኮከብ በየጊዜው በትንሹ ሲደበዝዝ ታየ እንበል። ፕላኔት አለው ማለት ነው? ላይሆን ይችላል። ከበስተኋላው፣ እጅግ ርቀው፣ እንደ አልጎል እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንድ ከዋክብት ይኖሩ ይሆናል። የእነሱ ብርሃን ከፊተኛው ኮከብ ብርሃን ጋር ተደባልቆ በቴሌስኮፑ ላይ እንደ አንድ ነጥብ ያርፋል። ጥንዶቹ ሲጋረዱ የቀነሰው ብርሃን የፊተኛው ይመስላል። መረጃው አልዋሸም፤ ብርሃን በእርግጥ ቀንሷል። ስህተቱ «የማን ነው?» የሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ ወዲያው ፕላኔት አይሉትም፤ «ዕጩ» ብለው ይመዘግቡታል። ከዚያ ይጠይቃሉ። መደብዘዙ ተደግሟል? አንደኛውና ሁለተኛው መደብዘዝ እኩል ነው ወይስ ይለያያል? ከተለያየ ሁለት ከዋክብት በተራ እየተጋረዱ ሊሆን ይችላል። ጠርቶ በሚያሳይ ሌላ ቴሌስኮፕ ሲታይ አጠገቡ ሌላ ኮከብ አለ? ኮከቡ ይወዛወዛል? ይህን ሁሉ ያለፈ ብቻ ፕላኔት ይባላል። ያላለፈው ከዝርዝሩ ይወጣል።

ጥንድ ከዋክብት ራሳቸው ፕላኔት ሊኖራቸው እንደሚችል መዘንጋት የለብንም። በ2011 ይፋ የሆነው ኬፕለር-16ቢ ሳተርንን የሚያህል ሲሆን ሁለት ከዋክብትን በ229 ቀን ይዞራል። እዚያ ሆኖ የሚያይ ቢኖር ሁለት ፀሐይ ስትጠልቅ ያይ ነበር። ከፀሐያችን ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው የከዋክብት ቤተሰብ አልፋ ሴንታውሪም ሦስት ከዋክብት አሉት። ከሦስቱ ቅርቧ ፕሮክሲማ ስትሆን፣ ክብደቱ ቢያንስ ምድርን የሚያህል ፕላኔት እንዳላት በ2016 ታውቋል።

✦ 5. በአደባባይ «ተሳስተናል» ያለው ሰው

በጁላይ 1991 እንግሊዛዊው አንድሩ ላይን ከባልደረቦቹ ጋር ትልቅ ዜና አወጣ። ፐልሳር በምትባል፣ እጅግ በፍጥነት እየተሽከረከረች የሬዲዮ ምልክት በምትልክ የሞተች ኮከብ ዙሪያ በስድስት ወር አንዴ የሚዞር ፕላኔት አገኘን አሉ። ዓለም ተደነቀ። በጃንዋሪ 1992 አትላንታ ከተማ በሚደረግ ታላቅ የሥነ ፈለክ ጉባኤ ላይ እንዲያብራራ ተጋበዘ።

ከጉባኤው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ሒሳቡን ሲፈትሽ ስህተቱን አገኘው። ምድር ራሷ ፀሐይን ስትዞር የምትሄድበት መንገድ ፍጹም ክብ አይደለም፤ ይህ በትክክል አልተሰላም ነበር። «ፕላኔት» የተባለው የራሳችን የምድር እንቅስቃሴ ጥላ ነበር!

ሊቀር ይችል ነበር። አመመኝ ሊል ይችል ነበር። እሱ ግን ሄዶ በመቶዎች በሚቆጠሩ ባለሙያዎች ፊት ቆመና ፕላኔቱ እንደሌለ፣ ስህተቱም የእነሱ እንደሆነ ተናገረ። አዳራሹ በረጅም ጭብጨባ ተቀበለው። ከእሱ ቀጥሎ የተናገረው ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ቮልሽቻን በሌላ ፐልሳር ዙሪያ ሁለት ፕላኔቶች ማግኘቱን አብራራ። የእሱ ግኝት በምርመራ ጸንቶ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከፀሐያችን ውጭ በእርግጠኝነት የታወቁት የመጀመሪያዎቹ ፕላኔቶችም እነዚያ ናቸው።

ልብ በሉ ውዶቼ! ሐሰቱን በይፋ የመለሰ ሰው ክብሩ አልወደቀም። እውነቱም የታመነው ሐሰቱን የሚጥል ጉባኤ ስለነበረ ነው።

✦ 6. ቡናና አቦል

ኢትዮጵያም በዚህ ሰማይ ላይ ድርሻ አላት። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር በ2019 ከመቶ በላይ አገሮች እያንዳንዳቸው ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጡ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ ኤችዲ 16175 ናት። ኮከቧ «ቡና» ተባለች፤ ፕላኔቱ ደግሞ «አቦል»። የምትገኘው አስ-ሱፊ ያችን ደመና በመዘገበበት በአንድሮሜዳ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። አቦል በዓይን ታይቶ አያውቅም፤ የታወቀው ቡና ስለተወዛወዘች ነው።

✦ ከዚህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፦ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ የተሰጠን ትእዛዝ ዜና ሲመጣ ማጣራት ነው፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት። አንድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ስለማይሰማው፣ ስለማይከፋው ኮከብ አንድ ቃል ለመናገር ወራት ይጠብቃል። እኛ ደግሞ ስለ ሙስሊም ወንድማችን ወይም እህታችን ክብር የመጣልንን ስክሪን ሾት በሁለት ሴኮንድ እናስተላልፋለን። ኮከብ ስሙ ቢጠፋ አያለቅስም፤ ሰው ግን ቤቱ ይፈርሳል።

ሁለተኛ፦ «ምልክቱ እውነት ነው» ማለትና «ጥፋቱ የእሱ ነው» ማለት የተለያዩ ናቸው። አንድ ሰው ከሶላት ቢቀር፣ ሰላምታ ባይመልስ፣ ብድር ቢያዘገይ፣ ያያችሁት ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ግን ከኋላው ያለ፣ እናንተ የማታዩት ሸክም ይሆናል። ሑስኑ ዘን ማለት ዓይንን መጨፈን አይደለም፤ ፍርድን ማዘግየት ነው።

ሦስተኛ፦ የሳይንስ ዜና ባያችሁ ቁጥር «ቁርኣን ይህን ብሎ ነበር» ብላችሁ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። በ2025 ኬ2-18ቢ በተባለ ፕላኔት ላይ የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል ጋዝ ታየ ተብሎ ዓለም ተናወጠ፤ ሌሎች ባለሙያዎች መረጃውን ደግመው ሲመረምሩት ግን ምልክቱ ለማረጋገጥ በቂ ሆኖ አላገኙትም። ዛሬ ያለ፣ ነገ ሊሻር የሚችል ዜና ላይ የአላህን ቃል አናስደግፍ። ቁርኣን ወደ ሰማይ አይታችሁ አስተንትኑ ይለናል፤ ማስተንተን ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አራተኛ፦ ያስተላለፍነው ነገር ስህተት ሆኖ ከተገኘ፣ ዜናውን በላክንበት ግሩፕ ላይ እርማቱንም እንላክ። በዝምታ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ያነበቡት ሰዎች አሁንም እንዳመኑት ናቸውና።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩና ሰለዋት ስታበዙ ስልካችሁን አንዴ ክፈቱ። ሳታጣሩ ያስተላለፋችሁት የሰው ስም ካለ፣ ከመግሪብ በፊት አርሙት።

አላህ እውነትን እውነት አድርጎ አሳይቶ የምንከተለው ያድርገን፤ ሐሰትንም ሐሰት አድርጎ አሳይቶ የምንርቀው ያድርገን። ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። መልካም ጁሙዓ!