ጨረታና የታሸገ ፖስታ

ወንድሞችና እኅቶች፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጨረታ ነው። ግምጃ ቤት ከተማ ለገበያ ስትወጡ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ «የጨረታ ማስታወቂያ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። በኩር ጋዜጣ ላይም ይወጣል። ዱሮ ዝም ብላችሁ ታልፉት ነበር። አሁን ግን ማንበብ ችላችኋልና ቆም በሉ።

ማስታወቂያው ተጫራቹ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ አድርጎ ከጨረታ ሳጥን ውስጥ እንዲከት ያዛል። ሳጥኑ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓትም ይናገራል።

ፖስታው ለምን ይታሸጋል? ብዙ ሰው «ነጋዴው እንዳይጎዳ ነዋ!» ይላል። እውነት ነው። ግን ሕዝቡም ይጎዳል። በቁጥር እንየው።

አንድ ወረዳ 100 የተማሪ ዴስክ ሊያሠራ ነው እንበል። አንዱ አናጢ ለአንድ ዴስክ 2900 ብር ጽፎ ፖስታውን አሸገ። ሁለተኛው አናጢ በ2600 ብር ሠርቶ ማትረፍ ይችላል። የሌላውን ዋጋ ካላወቀ፣ እንዳይሸነፍ ፈርቶ 2600 ይጽፋል። ፖስታውን ቀድሞ ገልጦ ያየ ሰው ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ «ያ ሰውዬ 2900 ነው ያስገባው» ብሎ ሹክ ቢለውስ? 2890 ይጽፍና ያው ያሸንፋል። በአንድ ዴስክ 290 ብር፣ በ100 ዴስክ 29000 ብር ሄደ ማለት ነው። በዚህ ብር ሌላ 11 ዴስክ ይሠራ ነበር። አንደኛው አናጢም ነገሩን ከሰማ ዳግመኛ አይጫረትም፤ ምን ሊያደርግ!

ሰዓቱ ሲደርስ ሳጥኑ ተጫራቾች ወይም ወኪሎቻቸው ባሉበት ይከፈታል። የእያንዳንዱ ስምና ዋጋ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ዘግይቶ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ ገምጋሚዎቹ እንደገና ዝም ይላሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ አዋጅ ቁጥር 649 የግምገማው ነገር ውጤቱ ሳይገለጽ እንዳይወራ ደንግጎ ነበር። «ዋጋው ተነቦ የለም እንዴ፣ ምን የሚደበቅ ቀረ?» ትሉ ይሆናል። ቀርቷል። ሁለተኛ መውጣቱን ቀድሞ የሰማ ተጫራች ማታውን የገምጋሚውን በር ያንኳኳል።

ውጤቱ ሲወጣ ግን ለተሸነፈውም ይነገረዋል። ቅር ካለው ቀኑ ሳያልፍ አቤቱታውን በጽሑፍ ያቀርባል።

በደብተራችሁ የሚሠራ፦
1. ለ40 አግዳሚ ወንበር፣ በአንዱ 150 ብር ያለአግባብ ቢጨመር ስንት ብር ይባክናል?
2. ሳጥኑ ሲከፈት አንዱ ፖስታ ተቀዶ ብታዩ፣ በቃለ ጉባኤው ምን ተብሎ እንዲጻፍ ትጠይቃላችሁ?