ከቆሼ አንጻር የሚታይ የሕግ ክፍተት፦ የመንግሥት የአካባቢ ተቆጣጣሪዎችና የጠቋሚዎች ጥበቃ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፣ በኮልፌ ቀራንዮና በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተሞች መዋሰኛ የሚገኘው የረጲ ቆሻሻ ክምር፣ በነዋሪው አጠራር ቆሼ፣ ተደርምሶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። አገሪቱም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች። ይህ ጽሑፍ የአደጋውን መንስኤ አይመረምርም። የሚያነሣው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ የእንዲህ ዓይነት ክምር ቁልቁለት አደገኛ መሆኑን የተመለከተ የመንግሥት ባለሙያ ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ቢቀርበትና ጉዳዩን ከአለቃው አልፎ ቢናገር፣ ሕጉ ምን ያህል ይከልለዋል?

ቆሼ አደጋው በደረሰበት ጊዜ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አገልግሏል። በ2008 ዓ.ም. የከተማዋ ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ምክንያት ግን ከወራት በኋላ ወደ ረጲ ተመለሰ። ጉዳዩን ከግል ፋብሪካ ብክለት የሚለየው የቦታው ባለቤት ከተማ አስተዳደሩ ራሱ መሆኑ ነው። የከተማው የአካባቢ ተቆጣጣሪ ደመወዝ የሚከፈለው፣ የሚዛወረውና የሥራ አፈጻጸሙ የሚመዘነው በዚያው አስተዳደር ሥር ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከተሞች ነባር የማስወገጃ ቦታዎችን በአካባቢ ኦዲት እንዲያስመረምሩ ያዝዝ ነበር፤ የማስወገጃ ቦታ ባለቤትም ለሚደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በፍትሐ ብሔር ኃላፊ እንዲሆን ይደነግግ ነበር። ሁለቱ ድንጋጌዎች ሲጣመሩ የኦዲተሩ እውነተኛ ሪፖርት በቀጣሪው ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆን ነበር።

ከሥልጣን አንጻር ተቆጣጣሪው ባዶ እጁን አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ቦታ ገብቶ እንዲመረምር ይፈቅድለታል። አንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ እንዲመሠርት መብት ይሰጣል። «ማንም ሰው» የሚለው ሐረግ የመንግሥት ሠራተኛንም ይጨምራል ብሎ መተርጎም ይቻላል። ሆኖም ሠራተኛው በሥራው ያገኘውን መረጃ ይዞ ሲወጣ የሥራ ምስጢርን የሚመለከቱ ደንቦች ይጠብቁታል። አዋጁ የመክሰስን በር ሲከፍት ከሳሹ በማግስቱ ወደ ቢሮው ሲመለስ የሚደርስበትን አላሰበም።

ዋናው ችግር የሚታየው በወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። አዋጁ ማንነትን ከመሰወር አንሥቶ መኖሪያን እስከ ማዛወር የሚደርሱ እርምጃዎችን ይዟል። ተፈጻሚ የሚሆነው ግን ጥቆማው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ወንጀልን ሲመለከት፣ ወንጀሉ በሌላ መንገድ ሊረጋገጥ የማይችል ሲሆንና በጠቋሚው ወይም በቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነጻነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ ይደርሳል ተብሎ ሲታመን ነው። አሁን የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 519 አጠገቡ እናስቀምጥ። መደበኛው የብክለት ወንጀል ከ10 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ወይም ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ከፍ የሚለው ብክለቱ በሰው ጤና ወይም ሕይወት ወይም በአካባቢ ላይ ከባድ ጉዳት ካስከተለ ነው። ስለዚህ ጥበቃው ሊታሰብ የሚችለው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው ማለት ነው። ክምሩ ከመደርመሱ በፊት ያስጠነቀቀ ባለሙያ ከአዋጁ ወሰን ውጭ ይቆማል፤ ከተደረመሰ በኋላ የመሰከረ ግን ምናልባት ይገባበታል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን የሚመለከተው አንቀጽ 521 በቀላል እስራት የሚያስቀጣ በመሆኑ ወደ ደፉም አይጠጋ።

በሕጉ የተመረጠው «ጠቋሚ» የሚለው ቃልም አልጠቀመም፤ በብዙዎች ጆሮ ጎረቤቱን አሳልፎ የሰጠን ሰው ያስታውሳል። ከቃሉ ይልቅ የሚከብደው ግን የበቀሉ መልክ ነው። ባለሙያን ለማሳረፍ ዛቻ አያስፈልግም፤ ዝውውር፣ ዝቅተኛ የአፈጻጸም ነጥብ፣ ከመስክ ሥራ ማግለል ይበቃሉ። እነዚህ ሁሉ ሕጋዊ ሽፋን አላቸው፤ ሠራተኛው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ወይም ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ቢያመለክት እንኳ የበቀል ዓላማን ማስረዳት ይከብደዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ቁጥር 2019/1937 የአካባቢ ጥበቃን በግልጽ አካትቶ የማስረዳት ሸክሙን ወደ ቀጣሪው አዙሯል፤ እርምጃው ከጥቆማው ጋር እንደማይገናኝ የሚያስረዳው አለቃው ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነትም በአንቀጽ 33 በቅን ልቦና ለሚጠቁሙ ሰዎች ተገቢ ካልሆነ አያያዝ ጥበቃ እንዲታሰብ ይጠይቃል፤ ወሰኑ ግን ሙስና ነው።

በእኔ ግምት አዲስ ሙሉ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ውስጥ የቅጣት ጣሪያን መለኪያ ያደረገው ድንጋጌ በሕዝብ ጤናና ደኅንነት ላይ የተጋረጠ አደጋን በአማራጭ መስፈርትነት ቢጨምር፣ ከላይ የተጠቀሰው ባለሙያ ወደ ወሰኑ ይገባል። የማስረዳት ሸክሙ በሠራተኞች ሕግ ሊስተካከል ይችላል። የሚከብደው የተቆጣጣሪው ተጠሪነት ነው፤ የከተማው አስተዳደር ባለቤት በሆነባቸው ቦታዎች የኦዲት ሪፖርቱ ቅጂ በቀጥታ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እንዲላክ ማስገደድ ያንን ችግር ባይፈታውም ሪፖርቱ በአንድ መሳቢያ ብቻ እንዳይቀር ያደርጋል።