ከስትሮክ በኋላ የሚሰጥ የአጥንት መቅኔ ሕዋስ ሕክምና፦ ተስፋውና ማስረጃው

መግቢያ

ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ የሚከሰተው ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልታከመ፣ የሞቱትን የነርቭ ሕዋሳት የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ለታካሚው የሚቀረው የአካል እንቅስቃሴና የንግግር ተሐድሶ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከታካሚው ከራሱ መቅኔ የሚወሰዱ ሕዋሳት ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሲጠኑ ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ በትንንሽ ጥናቶች የታየው መሻሻል ሰፋ ባሉት ለምን እንዳልጸና ይመረምራል።

የአሠራሩ መላምት

መቅኔ ብዙውን ጊዜ ከዳሌ አጥንት በመርፌ ይቀዳል። ከሚገኙት ሕዋሳት ሞኖኑክሊየር የሚባሉት በሰዓታት ውስጥ ተለይተው ለታካሚው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ሜዘንካይማል የሚባሉት ግን በቤተ ሙከራ መባዛት ስላለባቸው ሳምንታት ይፈጃሉ። ቀደም ሲል ሕዋሳቱ ወደ ነርቭ ሕዋስነት ተለውጠው የጠፋውን ይተካሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይሁን እንጂ በደም መልስ ከሚሰጡት አብዛኞቹ በሳንባ ተይዘው እንደሚቀሩ ታወቀ። በመሆኑም ሕዋሳቱ የሚጠቅሙ ከሆነ፣ የሚጠቅሙት የእድገት ንጥረ ነገሮችን በማመንጨትና ብግነትን በማርገብ ነው የሚለው አስተያየት ሚዛን ደፋ።

የሰው ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የደቡብ ኮሪያ ጥናት 30 ታካሚዎችን አካትቷል። ሜዘንካይማል ሕዋሳት የተሰጧቸው 5ቱ ብቻ ሲሆኑ፣ የዕለት ተዕለት ተግባርን በሚለካው የባርቴል መለኪያ ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ አሳዩ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የሕንድ ጥናት በአምስት ማዕከላት 120 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ቡድን መደበ። አንደኛው ቡድን ከራሱ መቅኔ የተለዩ ሞኖኑክሊየር ሕዋሳትን በደም መልስ ተቀበለ። ከስድስት ወር በኋላ የሕክምናው ቡድን አማካይ የባርቴል ውጤት 63.1፣ የንጽጽሩ ደግሞ 63.6 ሆነ። ሕክምናው ጉዳት አላስከተለም፤ ጥቅሙም አልታየም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የስፔን ጥናት ተመሳሳይ ሕዋሳትን ለ77 ታካሚዎች በተከፈለ ምደባ ፈተነ፤ ሕዋሳቱም በደም ቅዳ በኩል ተሰጡ። በስድስት ወር የተለካው ውጤት ከንጽጽር ቡድኑ አልተሻለም።

ውይይት

ለልዩነቱ ሦስት ምክንያቶችን ማንሣት ይቻላል። አንደኛው የናሙና ማነስ ነው፤ በአምስት ሰዎች ቡድን የአንድ ሰው መሻሻል አማካዩን ያዛባል። ሁለተኛው ተፈጥሯዊ ማገገም ነው። አብዛኛው ማገገም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስለሚታይ፣ በዚያ ጊዜ የተሰጠ ሕክምና ሁሉ የፈወሰ ይመስላል። ሦስተኛው በእንስሳትና በሰው መካከል ያለው ርቀት ነው። የቤተ ሙከራ አይጦች ብዙውን ጊዜ ወጣትና ጤነኛ ሆነው ስትሮኩ በደረሰባቸው በቀናት ውስጥ ይታከማሉ፤ በሕንዱ ጥናት ግን ሕዋሳቱ የተሰጡት በአማካይ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በኋላ ነበር። ሆኖም የስፔኑ ጥናት በመጀመሪያው ሳምንት ሰጥቶም ጥቅም ስላላገኘ፣ መዘግየት ብቻውን በቂ ማብራሪያ አይሆንም።

እርግጥ ነው፣ የእነዚህ ጥናቶች ናሙና መጠነኛ በመሆኑ አነስተኛ ጥቅም እንደሌለ አያረጋግጡም። ነገር ግን ያልተረጋገጠ ጥቅምን ለሽያጭ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። በተለያዩ አገሮች የሕዋስ ሕክምናን በክፍያ የሚሰጡ ክሊኒኮች አሉ፤ ለሕክምና ወደ ውጭ የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ጥሪታቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሐኪማቸውን መጠየቃቸው አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ «ከመርፌው በኋላ ተሻለው» የሚል ምስክርነት መልስ ሊሆን አይችልም።

ማጠቃለያ

የመቅኔ ሕዋስ ሕክምና እስካሁን የምርምር ጉዳይ እንጂ መደበኛ ሕክምና አይደለም። አዲስ ውጤት የሚያነብ ተመራማሪ ሦስት ጥያቄዎችን ሊያስቀድም ይገባል፦ የንጽጽር ቡድን ነበረን? ውጤቱን የለካው ባለሙያ ማን ሕክምናውን እንዳገኘ ያውቅ ነበርን? ወጪውን የሸፈነው ታካሚው ነውን? እስከዚያው ድረስ ጥቅማቸው የተረጋገጠው የስትሮክ ክፍል እንክብካቤ፣ ተሐድሶና የደም ግፊት ቁጥጥር ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።