ስለ ጀልባ ሕመምና ስለ መከላከያው

የአዲስ አበባ ልጅ፥ ይልቁንም በቦሌ ሠፈር ያደገው፥ አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ በየቀኑ ያያል እንጂ ማዕበል አያውቅም። ስለዚህ ወደ ባሕር ዳር ለጉብኝት የሚሄድ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ጀልባ የሚሳፈረው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ነገር ግን ነፋስ ከተነሣ ይህችው አንድ ሰዓት ለሚያጥወለውለው ሰው እጅግ ትረዝማለች። ጣና ስፋቱ ብዙ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው፤ እንዲህ ባለው ውኃ ላይ ሞገዱ አጭርና ተደጋጋሚ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ በማለዳ መሳፈር ይመረጣል።

ሕመሙ ከሆድ የሚነሣ ይመስላል እንጂ መነሻው ሌላ ነው። በውስጥ ጆሯችን ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ፤ ራሳችን በዞረ ቁጥር ለአንጎል ያስታውቃሉ። ዓይን ግን የጀልባውን ወለልና ወንበር ብቻ ሲያይ «የተነቃነቀ ነገር የለም» ይላል። ሁለት የማይስማሙ ምስክሮች የቀረቡበት አንጎል ይታወካል፤ ማዛጋት፥ ቀዝቃዛ ላብ፥ ማቅለሽለሽ፥ በመጨረሻም ማስመለስ ይከተላል። ይህ የውስጥ ጆሮ ክፍል ፈጽሞ የማይሠራላቸው ሰዎች በማዕበል አይታመሙም። እንግዲህ በታመመ ጓደኛ ላይ «ፈሪ» እያሉ መሣቅ አላዋቂነት ነው፤ ስመ ጥሩው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰን እንኳ በዚሁ ሕመም ይሠቃይ ነበር።

መከላከያው ምስክሮቹን ማስማማት ነው። ጫፍና ጫፉ አብዝቶ ስለሚነሣና ስለሚወድቅ ከጀልባው መካከል መቀመጥ፥ ፊትን ወደሚሄዱበት አዙሮ አድማሱን ማየት ይገባል። መጽሐፍና ስልክ በኪስ ይቆዩ! ከመገናኛ እስከ አያት በሚኒባስ ሲያነብ ራሱን የሚያዞረው ተማሪ ምክንያቱን አሁን ይረዳዋል፤ ሾፌሩ ግን መታጠፊያውን አስቀድሞ ስለሚያይ እምብዛም አያመውም።

ባዶ ሆድም፥ ቅባት የበዛበት ምግብም አይስማማም፤ ጥቂት ዳቦ ይበቃል። የዝንጅብል ሻይ የሚረዳቸው አሉ፥ የሳይንስ ሙከራዎች ግን አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም።

ዳይመንሃይድሪኔት የተባለው መድኃኒት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 የአሜሪካ ወታደሮችን ወደ ጀርመን አገር ባሻገረ መርከብ ላይ ተፈትኖ ጥቅሙ ታውቋል። የሚዋጠው ከመሳፈር ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ቢውጡት ከሆድ አይረጋም። እንቅልፍ ስለሚያመጣ፥ ለሁሉም ሰው ስለማይስማማም፥ አስቀድሞ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሠጋው ግን ሕመሙ ራሱ ሳይሆን፥ የሚያስመልሰው ሰው ተነሥቶ ከጀልባው ጠርዝ ላይ ማጎንበሱ ነው። ራሱ የዞረ ሰው ሚዛኑን በቀላሉ ይስታል፥ ከእኛም መካከል ዋና የሚችለው ጥቂት ነው። ስለዚህ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ሳያወልቅ፥ በተቀመጠበት ሆኖ በከረጢት ያስመልስ፤ ከጎኑ ያለውም ትከሻውን ይያዝለት።