ቁልፉ የት ይደር?

ልጄ፣ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሽ ወረታ ፋብሪካ ውስጥ በአውቶሜሽን ጥገና መቀጠርሽን እናትሽ ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ። አጎትሽ ዕድሜውን የጨረሰው ፓነል ፊት ቆሞ ነውና ጥቂት ልንገርሽ።

1. ፒኤልሲ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ማን እንዳዘዘው አይጠይቅም። ብዙዎቹ ማሽኖች የሚነጋገሩበት ሞድባስ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወጣ፣ በአንድ ግቢ በሽቦ ለተያያዙ መሣሪያዎች ታስቦ ነበርና ፓስወርድ የሚባል ነገር አልተሠራለትም። “ፓምፑን አቁም” ከተባለ ያቆማል፤ ያዘዘው ኦፕሬተሩ ይሁን ባሕር ማዶ የተቀመጠ ሌባ ለእሱ አንድ ነው። አለቃሽ “በስልኬ ቤቴ ሆኜ ልየው” ቢሉሽ፣ በአክብሮት እምቢ በያቸው።

2. “እኛን ማን ያየናል” የሚል ሰው አትስሚ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አሜሪካ ውስጥ አሊኪፓ በምትባል፣ ከደብረ ታቦር በምታንስ ከተማ የውሃ ግፊት ማሳደጊያ ጣቢያ ተጠለፈ። ከኢራን ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉት ጠላፊዎች የፈለጉት ከተማዋን አልነበረም፤ ዩኒትሮኒክስ የተባለውን የእስራኤል ሥሪት ፒኤልሲ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሲያስሱ እዚያ አገኙት። ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ፓስወርድ ደግሞ 1111 ነበር። ያንቺን ዛሬውኑ ቀይሪ፤ ቀይረሽም በወረቀት ጽፈሽ የፓነሉ በር ላይ አትለጥፊ።

3. ዋናው ይኼ ነው። አንዳንድ ፒኤልሲ ፊቱ ላይ ራን፣ ሪሞት፣ ፕሮግራም የሚል ትንሽ የቁልፍ ማዞሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የሮክዌል ኩባንያ ሎጂክስ ፒኤልሲዎች ላይ በአደገኛነቱ ከ10 ነጥብ 10 የተሰጠው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሆነ። ሶፍትዌሩና መሣሪያው የሚተዋወቁበትን ምስጢር ያገኘ ሰው ራሱን የኢንጂነሩ ላፕቶፕ አስመስሎ ፕሮግራሙን መለወጥ ይችል ነበር። ኩባንያው ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ ምን መሰለሽ? ማዞሪያውን ራን ላይ አድርጉት፤ ያኔ ፕሮግራሙ ከሩቅ አይለወጥም። በቃ፣ እጅ የሚያዞረው ብረት! እ.ኤ.አ. በ2017 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የአንድ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የአደጋ መከላከያ ሥርዓት ሲጠለፍም ቁልፉ ፕሮግራም ላይ እንደተተወ ነበር። እኔ በየፋብሪካው የማየው ቁልፉ እዚያው ተሰክቶ፣ አቧራ ለብሶ ነው። አንቺ ራን ላይ አዙሪና ንቀይው፤ ፈረቃ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ይደር፤ የወሰደ ሁሉ መዝገብ ላይ ይፈርም።

4. ተቋራጩን ሳትፈትሺ አትሸኚ። እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ ሴባስቶፖልን የሠሩት ፈረንጆች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወጡ ሙያውም አብሯቸው ወጣ። የዛሬው ተቋራጭም ፕሮግራሙን በላፕቶፑ ይዞ ይሄዳል፤ ይባስ ብሎ ከርቀት የሚገባበትን ሞደም ፓነሉ ውስጥ ትቶልሽ ይሄዳል። ሙሉ ፕሮግራሙን ከነማብራሪያው፣ ፓስወርዱንና የሽቦ ንድፉን ሳትረከቢ የመጨረሻው ክፍያ እንዳይለቀቅ ተናገሪ። ሞደሙን ንቀይው፤ ሲያስፈልግ ይሰካል።

5. ስክሪን ይዋሻል። ስተክስኔት የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ ናታንዝ ያለውን የኢራን ኒውክሌር ጣቢያ ሲያጠቃ ማሽኖቹ ከፍጥነታቸው ወጥተው እየተበላሹ ስክሪኑ “ሁሉ ደህና” ይል ነበር። ፓምፑ ዘንድ ውረጂና የግፊት መለኪያውን በዓይንሽ እዪ፤ ድምፁንም ስሚ።

6. በእጅ ማሠራትን ተለማመጂ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ዩክሬን ውስጥ የኦፕሬተሩ ማውዝ በራሱ እየሄደ ብሬከር ሲከፍት ወደ 225 ሺህ ደንበኛ ጨለማ ዋጠው። በጥቂት ሰዓት የመለሱት ማከፋፈያ ጣቢያ ድረስ ሄደው ብሬከሩን በእጃቸው የዘጉ ሠራተኞች ናቸው።

7. ከተጠለፋችሁ አትደብቁ፤ ለመንግሥት የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለኢንሳ አሳውቁ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሙሌት ሲቃረብ ከግብፅ የተነሣ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን የገለጸው መሥሪያ ቤት ነው።

8. ሌሊት ፈረቃ ላይ ዘፈን የሞላበትን ፍላሽ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ኦፕሬተር አታጪም። ስተክስኔትም ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ነው። አትቆጪው፤ ሬዲዮ ግዢለት።