መንገዱንና ሜዳውን አብረን እናቅድ፦ ለእግረኛ የምትመች መንደር

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ሠልጣኞች የየጎጣቸውን የእግር መንገድ፣ የውኃ ቦታና የወል ሜዳ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አቅደው ለቀበሌ ማቅረብ እንዲችሉ ማድረግ።

1. ችግሩ ምንድን ነው?

በብቸና ዙሪያ ባለው ዋልካ መሬት ክረምት ሲገባ እግር ከጭቃ አይወጣም። ሕፃናት ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ስትወሰድ ተሸካሚው ይወድቃል። ጥፋቱን ሁሉ በአፈሩ ላይ መጣል ልማዳችን ነው። ነገር ግን የእኛም ሞፈር ድርሻ አለው። መንገድ የሚያዋስናቸው ሁለት ጎረቤቶች በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ቢገፉና ትልሙ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ5 ዓመት ውስጥ ከመንገዱ 2 ሜትር ይጠፋል። መንገዱ ሲጠብ ሰውም ከብትም አንድ መስመር ይረግጣል፤ ያ መስመር ይጎደጉድና ቦይ ይሆናል። ከዚያ መንገደኛው ጭቃውን ሸሽቶ ሰብላችን ውስጥ ይገባል። የቆረስነው መሬት መልሶ ሰብል ያስበላናል ማለት ነው።

2. ካለፈው ምን እንማር?

በ1970ዎቹ መጨረሻ በደርግ ዘመን የመንደር ምሥረታ ሲካሄድ ጎጃምም ውስጥ ቤቶች በተሰመረ መስመር ላይ ተሠርተው ነበር። ሐሳቡ ውኃና ትምህርት ቤት ለማቅረብ ነበር። ሆኖም ዕቅዱ ከላይ ስለመጣ ብዙውን ገበሬ ከማሳውና ከጓሮው አራቀው። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ፖሊሲውን ሲለውጥ ብዙው ሰው ቤቱን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

ሁለተኛው ትምህርት ሞጣ አጠገብ አለ። በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ ሰው ለረጅም ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ከጎጃም ወደ ጎንደር ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. በብረት ተጠገነ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ጎርፍ ወሰደው። በመጨረሻ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ከዚህ የምንማረው መሻገሪያ ከመሥራታችን በፊት የጎርፉን ከፍታ ማወቅ እንዳለብን ነው። ይህን ደግሞ ከአካባቢው ሽማግሌ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እኛም ባለሙያዎች ተሳስተናል። ከዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ በበጋ አይተን የመረጥነው አጭር መንገድ ክረምት ሲገባ ውኃ ተኛበት። አንዲት እናት «ይህ እኮ ከጥንትም የውኃ መተኛ ነው፤ ማን ጠየቀን?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

3. ዕቅዱ እንዴት ይሠራል?

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማኅበረሰብ ተሳትፎ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ሥራው ከነዋሪው እንዲጀምር ያዛል። ያንኑ መንገድ ለመንደራችን እንጠቀምበት።

ሀ. መሰብሰብ፦ አዝመራ ከገባ በኋላ በዕድር ወይም በሰንበቴ ቀን የጎጡን ሰው ጥሩ። ሴቶችና ወጣቶች ለብቻቸውም ይወያዩ፤ ውኃ የሚቀዱትና ከብት የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

ለ. መሬት ላይ መሳል፦ በአመድና በድንጋይ ቤቱን፣ ምንጩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ወፍጮውንና ገበያውን አስቀምጡ። ሰው በየቀኑ የሚሄድበትን መስመር ስመሩ።

ሐ. አብሮ መሄድ፦ ካርታውን ይዛችሁ መንገዱን በእግር ተከተሉ። እንስራ ያዘለች ሴት፣ አንድ አዛውንትና አንድ ተማሪ አብረዋችሁ ይሁኑ። የሚያዳልጠውን፣ ውኃ የሚተኛበትንና የጠበበውን ቦታ በችካል ምልክት አድርጉ።

መ. ማስቀደም፦ ሁሉን በአንድ ዓመት መሥራት አይቻልም። ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን አንድ መንገድና አንድ ሜዳ ምረጡ።

ሠ. መሥራት፦ ጭነት የያዙ ሁለት አህዮች እንዲተላለፉ 3 ሜትር ያህል ስፋት ተዉ። በዋልካ መሬት መካከሉን በድንጋይና በጠጠር ከፍ አድርጉ፤ በሁለቱም ጎን ፈሰስ አውጡ። ፈሰሱ ሣር ወዳለበት መውረጃ እንጂ ወደ ጎረቤት ማሳ አይለቀቅ። ባሕር ዛፍን ከመንገዱና ከምንጩ አርቁ፤ ለጥላ ዋንዛ ወይም ግራር ትከሉ። ምንጩን አጥሩ፤ የከብት ማጠጫውን ከሰው መቅጃ በታች አድርጉ።

ረ. መጠበቅ፦ ደንብ አውጡ። ፈሰሱን ማን፣ መቼ እንደሚጠርግ፣ መንገድ ያረሰ ሰው ምን እንደሚቀጣ በግልጽ ይጻፍ።

4. የወል ሜዳ ለምን ይጠበቃል?

የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው፣ የገና ጨዋታ የሚካሄደው፣ ሽማግሌ የሚያስታርቀው በሜዳው ነው። የወል መሬት በአንድ ሰው ፈቃድ አይታረስም፤ አይታጠርም። ድንበሩን ከቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ጋር ለዩና አስመዝግቡ። ካልተመዘገበ ዛሬ የታረሰው ጥጉ ነገ መካከሉ ይሆናል።

5. መሬቱን ማን ይመልስ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የገፋነውን ትልም መመለስ ሕዝብ ፊት ጥፋትን ማመን ይመስላል። ስለዚህ ሞዴል አርሶ አደር ይቅደም። እናንተ በሬያችሁን ከመንገዱ ሁለት ክንድ ስታርቁ ጎረቤት ያያል። መንገዱ ጠባብ ማሳ ባለው ሰው ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ግን ፍትሕ አይደለም፤ ሸክሙን ከሁለቱም ወገን አካፍሉ፤ ስምምነታችሁንም በጽሑፍ አስፍሩ።

የውይይት ጥያቄዎች

1. በጎጣችሁ የዛሬ 20 ዓመት ሰፊ የነበረ፣ ዛሬ የጠበበ መንገድ የትኛው ነው?
2. በክረምት ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስዱ የምትቸገሩት የት ላይ ነው?
3. መጀመሪያ ትልሙን የሚመልሰው ማን ነው?

የቤት ሥራ፦ እስከሚቀጥለው ሥልጠና ከአንድ ጎረቤታችሁ ጋር ከቤታችሁ እስከ ምንጩ በእግር ሂዱ። የጠበበውን ቦታ በክንድ ለክታችሁ ውጤቱን ይዛችሁ ኑ።